ድምፅ የሌለው ቨርዥን

በአግባቡ ነው ያስታወቅሁት። ይህን አስቀድሜ ልበልና ልገላገል። ዓመት ሙሉ አስታውቄያለሁ፤ በፕሮግራሜ አራት ተከታታይ ቨርዥን፣ በቢጫ ማስጠንቀቂያ፣ ቀኑን ቆርጬ፣ ምክንያቱን ዘርዝሬ። ፔሩ የሚኖር አንድ ሰውዬ «እንዲህ ጥንቅቅ ያለ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም» ብሎ ጽፎልኛል። እስከ ፔሩ ተሰምቷል እንግዲህ። ከሚሴ ውስጥ ግን ከአባቴ ቤት እስከ ቶፊቅ ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ አንድም የሰማ ሰው አልነበረም።

ሰብሪና ሙሳ እባላለሁ። ቀን ቀን ቢሮ ውስጥ የሰው ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ «ጥሪ» የሚባል ፕሮግራም እጽፋለሁ። «ጥሪ» የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሲሞት ለቅሬው አባላት በስልክ ይናገራል። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ሬሳ አናሳድርም፤ ጧት የሞተ ሰው የቀትሩ ዙሁር ወይም የማምሻው አስር ሶላት ተሰግዶ አፈር ይለብሳል። ስለዚህ ጥሪው ያልደረሰው ሰው ቀብር አመለጠው ማለት ነው፤ ነገ የሚባል ነገር የለውም።

ፕሮግራሙ ኦፕን ሶርስ የሚሉት ዓይነት ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ይወስደዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። ወስደውታልም። ፔሩ ያሉት ለዓሣ አጥማጆች ስለ ማዕበል ይልኩበታል። እኔ ለሞት የጻፍኩትን እነሱ ለባሕር አደረጉት፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ከፕሮግራሙ በፊት የቅሬያችን ጠሪዎች ሁለት ነበሩ፤ አባቴ ሙሳና ጓደኛው አባባ ኸይረዲን። ሠላሳ ዓመት አብረው ዞረዋል። አባቴ በአማርኛ ይጠራል፣ አባባ ኸይረዲን በኦሮምኛ ይደግሙታል። አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ከቤት ውስጥ «ሰምተናል» የሚል ድምፅ ካልወጣ ከዚያ ደጅ አይነሱም። ዝናብም ቢሆን፣ ውሻም ቢሆን አይነሱም። ትንሽ ሆኜ ተከትዬው ስሄድ፣ ሰምተው ይሆናል እኮ አባ፣ እንሂድ ስለው፣ ካልመለሱልኝ በምን አውቃለሁ ይለኝ ነበር። እግሬ እስኪደነዝዝ አብሬው ቆሜ አውቃለሁ።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት የሁለቱ ጉልበት ሲደክም ነው። ማንበብ ለሚችል አባል ጽሑፍ ይገባለታል። ለማይችለው ስልኩ ይጮሃል፤ ሲያነሳ አባቴ በአማርኛ፣ ቀጥሎ አባባ ኸይረዲን በኦሮምኛ ይጠሩታል። ድምፃቸውን የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ እቤታችን ጓዳ ውስጥ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜ። የሟቹን ስም ቶፊቅ ይጨምርበታል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም «ሰምታችኋል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የሰማ አንድ ቁጥርን ይጫናል። ካልተጫነ ፕሮግራሙ ደግሞ ይደውላል፣ ደግሞ ይደውላል። ያን አባቴ ሲያይ ሳቀ፤ ይቺስ ከኔም ትብሳለች አለ።

ከጊዜ በኋላ ድምፁ አረጀ። የአባቴ ድምፅ ማለቴ አይደለም፤ ድምፅ የሚደውለው የኮዱ ክፍል ነው ያረጀው። የሚሠራበት መሣሪያ ከገበያ ጠፋ፤ የተደገፈበትን ኮድ የጻፈው ሰው ትቶት ሄደ። ፔሩ ያሉት አይፈልጉትም። አንድ ነገር ባሻሻልኩ ቁጥር እሱ ይሰበራል፤ እሱን ስጠግን ቅዳሜና እሁዴ ያልቃል። መሮኝ ነበር።

የሙያው ወግ ግን ያረጀን ነገር ዝም ብሎ መቁረጥ አይደለም። መጀመሪያ ጡረታ ወጥቷል ይባላል፤ መሥራቱን ይሠራል፣ ነገር ግን በከፈቱት ቁጥር ማስጠንቀቂያ ይታያል። ለተጠቃሚው ጊዜ ይሰጠዋል። ቀኑ ሲደርስ ይወጣል። እኔም ያንኑ ነው ያደረግሁት። የፕሮግራሙ ገጽ ላይ፣ ይህን ክፍል የምትጠቀሙ ካላችሁ እባካችሁ አሳውቁኝ ብዬ ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት። ፕሮግራሙ ራሱ በአማርኛና በኦሮምኛ ነው የሚሠራው፤ ቢጫው ማስጠንቀቂያ ብቻ እንግሊዝኛ ነበር፣ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያነበው የሙያው ሰው ነው ብዬ። ዓመት ጠበቅሁ። ማንም አልመለሰልኝም። ማንም ካልመለሰ ማንም አይጠቀምበትም አልኩና ጥቅምት ላይ ቆርጬ አወጣሁት።

ቶፊቅ የቅሬው ጸሐፊ ነው፤ «ጥሪ» ያለው በእሱ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ አዲስ ቨርዥን ባወጣሁ ቁጥር ራሱን ያድሳል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከቤቴ ወደ ቢሮ በምሄድበት መንገድ ላይ ስለሆነ በየቀኑ አገኘዋለሁ። ነጋ? ፈያ? እናትህ ተሻላቸው? ልጆቹስ? ላሟስ ወለደች? የሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ላሟን በየቀኑ ጠይቄያለሁ። ድምፁን የሚጠቀም አባል አለ ወይ ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። ምን ልጠይቀው፣ ገጹ ላይ ጽፌዋለሁ እኮ!

ለአባቴም አልነገርኩትም። ኅዳር ላይ ይመስለኛል፣ ከመስጊድ ሲመለስ፣ ድምፄ ገና ይዞራል ወይ አለኝ። ሻይ ልቅዳልህ አልኩት። ቀዳሁለት፣ ጠጣ፣ ደግሞ አልጠየቀኝም።

ጥር ላይ፣ ማክሰኞ ጧት፣ ፈጅር ሰግዶ እንደተጋደመ ሞተ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሌላ ልጅ የለውም፤ እናቴም ቀድማዋለች። ጎረቤት ሞላ፣ ሴቶቹ ያዙኝ፣ እኔ ግን የሚያስይዝ ነገር አልነበረኝም። አላለቀስኩም። እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጢው አለ፤ አየሁት። የአባቴ ስም ነው፣ ከራሴ ፕሮግራም፣ እኔ በመረጥኩት ፊደል። ጥሪው በትክክል ነው የደረሰው አልኩ በልቤ። ያን ነው ያሰብኩት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

አባቴና አባባ ኸይረዲን አደራ ነበራቸው። ቀድሞ የሞተውን የቀረው ያጥበዋል፤ ሌላ ሰው አይነካውም። ይህን ቅሬው በሙሉ ያውቃል፤ እየቀለዱ ሳይቀር ይናገሩት ነበር፣ አንተ ወፍራም ስለሆንክ እኔ ነኝ የምቸገረው እየተባባሉ። አባባ ኸይረዲን ከሁለት ዓመት በፊት ጨፋ ወደምትኖረው ልጃቸው ወደ ሳቢራ ሄደዋል፤ ቅሬያቸውን ግን አልለቀቁም። በመኪናና በባጃጅ ቢመጡ ሁለት ሰዓት አይሞላም።

ሬሳው ሳይታጠብ ተጠበቀ። ዙሁር ደረሰ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ሙሀመድኑር፣ አደራ ነውና እስከ አስር እንታገስ አሉ። ደውሉለት ያለ ሰው የለም። ይህን የኛ ሰው ያልሆነ አይገባውም ይሆናል። ማሽን ቢደግምም፣ በቅሬያችን ሰው በአፉ አንዴ የተጠራን ደግሞ አይጠራም፤ ደግሞ መጥራት፣ ሰምተህ ቀረህ ብሎ ፊት ለፊት መስደብ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ተልኳል ብሏል። ስልኩ እኔም እጅ ላይ ነበር። ድምፁን በገዛ እጄ እንደቆረጥኩት በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም። ሰው አያምነኝም፣ ግን አላለኝም።

አስር ሲቃረብ ሌላ ሰው ገብቶ አጠበው። ተቀበረ።

ከቀብር ሲመለሱ ወሬው ተጀመረ። ኸይረዲን ሙሳን ከዳው። ይኸ አራተኛ ቀብር መሆኑ ነው፤ ለቶይባ አልመጣም፣ ለአብዱልፈታህ አልመጣም፣ ለጀነትም አልመጣም። ጨፋ ከብት አግኝቶ ጠግቦ ይሆናል ያለም አለ። በቅሬያችን ከሦስት ቀብር በላይ የቀረ ሰው ስሙ ይሰረዛል፤ ስሙ የተሰረዘ ሰው ሲሞት ደግሞ ጉድጓዱን የሚቆፍርለት የለም። ለማንኛችንም ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ሆኖም ስም በወረቀት አይሰረዝም። ሦስት ሽማግሌ በሦስት ጁምዓ ሰውየው ቤት ድረስ ይሄዳል፤ በአፉ ይነግረዋል፣ በአፉ መልስ ይቀበላል። በሦስተኛው ጁምዓ ያልመለሰ እንደሆነ ነው ስሙ የሚወጣው። ጋሽ ሙሀመድኑር በሦስተኛው ቀን ሰደቃ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች መረጡ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እሰማለሁ፤ ውስጤ ግን ባዶ ነበር።

የቀሰቀሱኝ እትዬ ረቢአ ናቸው። አሮጊት ናቸው፣ ወደ ሰንበቴ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ ብለው ብቻቸውን ይኖራሉ። ሊያስተዛዝኑኝ መጥተው አጠገቤ እንደተቀመጡ አኮረፉኝ። እኔኮ ሞቱን የሰማሁት ከባጃጅ ነጂ ነው አሉ። ያቺ ስልኬ ዱሮ በአባትሽ ድምፅ ትጠራኝ ነበር፣ ምን ሆና ዝም እንዳለች እንጃ፣ ቅሬው ረሳኝ መሰለኝ አሉ።

ድምፁን የቆረጥኩት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ተነስቼ ነጠላዬን ሳላስተካክል ቶፊቅ ጋ ሄድኩ።

ላፕቶፑን አዙሮ አሳየኝ። ከላይ፣ ቢጫው ማስጠንቀቂያ የሚወጣበት ቦታ ላይ፣ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ካቻምና ከታተመ የረመዳን የሰዓት ሠሌዳ የተቆረጠ ነው። ይኸ ምንድነው አልኩት። ኧረ እዚያ ጋ አንድ ቢጫ ነገር ዓመት ሙሉ እየበራ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ሸፈንኩት አለ። እንግሊዝኛ ስለሆነ ማስታወቂያ መሰለው። እኔን ሊጠይቀኝም አስቦ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር አላስቸግራትም ብሎ ተወው። ወረቀቱን ላጥኩት። ከሥሩ ቢጫው የለም፤ ቀኑ ስላለፈ አብሮ ወጥቷል።

ከታች የመላኪያውን መዝገብ ከፈትኩ። ሁለት መቶ አስራ ሁለት ጽሑፍ፣ ተልኳል። ሠላሳ አንድ ድምፅ፣ ታልፏል። «ታልፏል» የሚለውን ቃል የመረጥኩት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ ድምፁን ሲያጣ መቆም ይችል ነበር፤ ቀይ አብርቶ አልልክም ማለት ይችል ነበር። ተጠቃሚው እንዳይረበሽ ብዬ ዝም ብሎ እንዲያልፍ አደረግሁት። ከተማ ያሉት ከጎረቤት እየሰሙ ይመጡ ነበር፤ ከሠላሳ አንዱ መካከል አሥራ ሰባተኛው ግን አባባ ኸይረዲን ነበሩ። ቶፊቅ፣ ምን አጠፋሁ አለኝ። ምንም አላጠፋህም አልኩት፤ እውነቴን ነው።

ለጋሽ ሙሀመድኑር ሁሉንም ነገርኳቸው። ኮድ አያውቁም፤ ነገሩ ግን ወዲያው ገባቸው። ጢማቸውን ይዘው፣ ከነገርሽን ዘንድ ሽማግሌ አንልክም፣ የኸይረዲንም ስም አይነካም አሉ። ሊያጽናኑኝ የፈለጉ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ግን፣ እንግዲህ የሚሄደው የቆረጠው ሰው ነው አሉኝ።

ቅዳሜ ጧት ሄድኩ። ሚኒባሱ ጨፋ መገንጠያ ላይ ጣለኝ፤ ከዚያ ባጃጅ። ማሽላው ታጭዶ ተከምሯል፣ ከብቱ ቃርሚያው ውስጥ ተሰማርቷል። ነጂው ምን እንደሚያወራኝ አልሰማሁም። በመንገዱ ሁሉ የማስበው ገጹ ላይ የጻፍኩትን ማስታወቂያ ነበር፤ በቃሌ ነው የማውቀው። አንዱንም ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ማምጣት አቃተኝ።

አባባ ኸይረዲን ከቤቱ ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ስልካቸው በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ተደርጎ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሳቢራ በየጧቱ በሶላር ትሞላላቸዋለች። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ጉንጬን ሳሙኝ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ጠየቁኝ፣ ሳቢራን ወተት አምጪ አሏት። ከዚያ፣ ያ ወፍራም አባትሽስ ደህና ነው አሉኝ።

መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ቀጠሉ፤ ከረጢቱን በእጃቸው ይዘው።

«ጥቅምት ከገባ ወዲህ ይቺ ነገር ጮኻ አታውቅም። አልሀምዱሊላህ፣ ሰው አልሞተም። በየሶላቱ አላህን ሳመሰግን ነው የከረምኩት።»

ሳቢራ ወተቱን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ፊቴን አይታ አልቀረበችም።

ነገርኳቸው። ድምፁን ያወጣሁት እኔ ነኝ አልኩ፤ የሚጠቀምበት የለም ብዬ ነው። ዓመት ሙሉ በአግባቡ አስታውቄ ነበር አልኩ። ይህን ያልኩት ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ለማን አሉኝ። ለሁሉም አልኩ። አሰቡበት። ለኔም ጭምር? አሉ። ቁጣ የለበትም፤ ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። አይ፣ ለእርስዎ አልነገርኩም አልኩ። ከረጢቱን ለቀቁት፣ ደረታቸው ላይ ተንጠለጠለ።

ታዲያ ማን ማን ሞተ አሉ። ቶይባ አልኩ፣ ኅዳር ውስጥ። አላህ ይርሀማት። አብዱልፈታህ። እሱንም አላህ ይርሀመው። ጀነት። ለያንዳንዱ ዱዓ አደረጉ፣ ለያንዳንዱ ፊታቸውን አበሱ። ሦስት ሰው ሳልቀብር አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ጠበቁ። አራተኛውን ስም አልተናገርኩም። ሰማያዊ ሻርፕ ነው የለበስኩት፣ የሐዘን ልብስ አይደለም፣ ፊቴ ላይ ምንም የለም፣ እሳቸውም አጥርተው አያዩም። ግን ሠላሳ ዓመት በየሰው ደጅ የቆመ ሰው ዝም ያለውን ሰው ያውቀዋል።

«እንዲህ ተቀምጦ አይነገርም» አሉኝ። «ውጪና ከደጁ ጥሪ። አባትሽ እንደሚጠራው አድርጊ።»

ወጣሁ። ከእሾህ አጥሩ ውጭ፣ መግቢያው ላይ ቆምኩ። ውሻው መጣ፣ አሸተተኝ፣ ተኛ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ትንሽ ሆኜም ሰምቼዋለሁ፣ ቀድቼዋለሁም፣ ሰርዤዋለሁም። ጠራሁ። ድምፄ የኔ አይመስልም ነበር።

«የዚህ ቤት ሰው፣ የቅሬ ሰው! ስሙ! የቅሬያችን ጠሪ ሙሳ ወደ አኼራ ሄዷል። ማክሰኞ ከአስር በኋላ ተቀብሯል። አጣቢው ሌላ ሰው ነበር። አደራውን ያስቀረችው ልጁ ሰብሪና ናት። ሰምታችኋል?»

መልስ የለም። ሳቢራ ውስጥ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ የእሳቸው ድምፅ ግን የለም። ጠበቅሁ። ፀሐዩ አናቴ ላይ ወጣ። ደግሜ ልጥራ አልኩና አንዴ የተጠራ ሰው ደግሞ እንደማይጠራ አሰብኩ። መሄድም አልችልም፤ የሚኬደው መልስ ሲገኝ ነው። ባጃጁ ከመንገድ ጡሩንባ ነፋ፣ አልዞርኩም። እግሬ መደንዘዝ ጀመረ። ይኸ መደንዘዝ የማውቀው ነው፤ ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር በሰው ደጅ ስቆም የነበረው ነው። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው፣ በአምስተኛው ቀን፣ በሰው አጥር ሥር። አባቴ ሞቷል። አባ የለም። እያለቀስኩም ቆምኩ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከውስጥ፣ በዚያ ሠላሳ ዓመት አባቴን ተከትሎ በዞረው ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ በኦሮምኛ መጣ።

«ዸገኤራ።»

ሰምቻለሁ ማለታቸው ነው። ከደጁ የተነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው።